«ላብራንዴራ» በአማርኛ ማን ትባላለች? (ከሴሌስቲና 1ኛ ገቢር)

ተርጓሚው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የስፔኑ ደራሲ የፌርናንዶ ዴ ሮሃስ «ሴሌስቲና» ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር አላስኬደኝም። በመጀመሪያው ገቢር ሎሌው ፓርሜኖ የአሮጊቷን የሴሌስቲናን ማንነት ለጌታው ለካሊስቶ ሲዘረዝር እንዲህ ይላል፦ «ላብራንዴራ፣ ፔርፉሜራ፣ ማኤስትራ ዴ አሴር አፌይቴስ ኢ ዴ አሴር ቪርጎስ፣ አልካዌታ ኢ ኡን ፖኪቶ ኤቺሴራ።» በአንድ ትንፋሽ ስድስት ሙያ ማለት ነው። ወዲያው ደግሞ የፊተኛው ሙያ ለሌሎቹ መሸፈኛ እንደ ነበረ ይነግረዋል።

እስካሁን የደረስኩበት ይህ ነው፦ «ስድስት ሙያ ነበራት፤ ___፣ ሽቶ ቀማሚ፣ የፊት ቅባትና የጠፋ ድንግልና ሠሪ፣ አቃጣሪ፣ ትንሽም መተተኛ።» ባዶው ቦታ የላብራንዴራ ነው። በእጅ መርፌ፣ በነጭ በፍታ ላይ የምትሠራ ሴት ናት። «ልብስ ሰፊ» ብል አንባቢ የሚያየው በረንዳ ላይ መኪና የሚረግጥ ወንድ ነው። «ጥልፍ ሠሪ» ብል ደግሞ ሙያው መሸፈኛ መሆኑ አይሰማም። ምን ትሉኛላችሁ? ሌላው ቃል አላስቸገረኝም።

ባለ ግሡ፦
ላስቸገረዎት ቃል ሳይሆን ላላስቸገረዎት ልምጣ። «አቃጣሪ» አይሆንም። የዛሬ ሰው አቃጣሪ ሲል ወሬ አመላላሽ፣ ከአለቃ ዘንድ ሰው የሚያስጠምድ ማለቱ ነው። ሴሌስቲና ወንድና ሴት ታገናኛለች እንጂ ለሹም ወሬ አታቀብልም። «ደላላ» ይበሏት። ኮሚሽን ትበላለች፣ ከሁለቱም ወገን ትቀበላለች፤ ሥራዋ ጥርት ብሎ ይታያል። ደላላ ደግሞ ከ«ደለለ» የወጣ ነው፤ መደለል ማባበል፣ ማታለል ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

ስፓኒሽ አንባቢ፦
ባለ ግሡ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያነሱት ነጥብ «አቃጣሪ»ን የሚያጸናው እንጂ የሚጥለው አይደለም። «አቃጣሪ» ተብላ የተተረጎመችው አልካዌታ የዐረብኛ ቃል ናት፤ «አል-ቀዋድ» ከሚለው በእንደሉስ ዐረብኛ በኩል የገባች ናት። ሥሩ ቃፍ፣ ዋው፣ ዳል ነው፤ መምራት፣ ጎትቶ መውሰድ። የስፓኒሽ መዝገበ ቃላት ለወንዴው ለ«አልካዌቴ» የሚሰጠው ፍቺ ግን አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛው ሕገ ወጥ ፍቅር የሚያመቻች ነው። ሌላው ወሬ አመላላሽ ነው። በአርጀንቲናና በኡራጓይ አልካዌቴ ሲባል ከናካቴው ጓደኛውን ለአለቃ የሚያሳብቅ ማለት ሆኗል። አማርኛችን «አቃጣሪ»ን ይዞ የሄደበትን መንገድ ስፓኒሹም በራሱ ጊዜ ሄዶታል። ሁለት ቃል እንዲህ እግር በእግር ሲሄድ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ያገኘነውን አንጣለው።

ደላላም ቢሆን የዐረብኛው «ደላል» ነው፤ ሥሩ ማመልከት፣ መንገድ ማሳየት ነው። የሁለቱም ሥር መምራት መሆኑን ልብ ይሏል። ልዩነቱ ደላላ በአማርኛ የቤትም፣ የከብትም፣ የመኪናም መሆኑ ላይ ነው። አልካዌታ ግን ከሰው ሥጋ ወጥታ አታውቅም።

አንድ ማሳሰቢያም አለኝ፤ ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት ስለ ሆነ። «አልካይዴ» (የምሽግ አዛዥ) የአልካዌታ እኅት ናት፤ ሁለቱም ከዚያው ከመምራት ሥር ናቸው። «አልካልዴ» (ከንቲባ፣ ዳኛ) ግን ሌላ ናት፤ እኛም የምናውቀው «ቃዲ» ነው። ሮሃስ ራሱ በታላቬራ ከተማ አልካልዴ ማዮር ነበር። ሕግ ተምሮ በሕግ የኖረ ሰው ነው፤ ሦስቱን አቀላቅላችሁ ጸሐፊውን አቃጣሪ እንዳታደርጉት።

ባለ ግሡ፦
ስለ አልካዌታ ተቀብያለሁ። ስለ ደላላ ግን አልለቅም። «ደለለ»፣ «መደለያ»፣ «ድለላ» በአማርኛ ሙሉ ቤተሰብ ነው። እንግዳ ቃል እንዲህ አይዋለድም።

ስፓኒሽ አንባቢ፦
የገበያ ቃል ሲሆን በደንብ ይዋለዳል። ማባበሉ ድሮም የኛ ሊሆን ይችላል፤ አሻሻጩ ግን ከነጋዴ ጋር የመጣ ነው። ሁለቱ መልካቸው ስለ ተመሳሰለ አንድ ቤት ገቡ።

የቅኔ ተማሪ፦
ቅርጹን ሳናይ ሥሩን መጣላት ምን ይባላል? «አቃጣሪ» ላይ ያለው ዋናው ነገር የቀ ግዕዙ ወደ ራብዕ መሄዱ ነው። ቀጠረ፣ ተቃጠረ፣ አቃጠረ። «ተቃጠረ» ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ቀጠሮ ያዙ ነው። «አቃጠረ» እርስ በርስ እንዲቃጠሩ አደረገ ነው። ታረቀ፣ አስታረቀ፤ ተጋባ፣ አጋባ፤ ተጣላ፣ አጣላ፤ ተፋታ፣ አፋታ፤ ሁሉም በዚህ መስመር ይሄዳል። በግእዝ ይህን ሥራ የሚሠራው «አስተ-» ነው፤ አስተፋቀረ ማለት እርስ በርሳቸው እንዲዋደዱ አደረገ ነው። ከዚያው ነው «መስተፋቅር» የወጣው።

አሁን ወደ መጽሐፉ ተመልከቱ። ሴሌስቲና በ3ኛው ገቢር የእባብ ዘይት የተቀባ ፈትል ይዛ የሲኦሉን ጌታ ፕሉቶን ትጠራለች፤ ፈትሉ ካሊስቶ የሚወዳት ሜሊቤአ ቤት ሲገባ ልጅቷ ልቧ እንዲማረክ። ያ መስተፋቅር ነው፤ የላቲን ሊቃውንት ፊሎካፕቲዮ የሚሉት። ስለዚህ አምስተኛው ሙያ አቃጣሪ፣ ስድስተኛው መስተፋቅር ማድረግ። ሁለቱም የአደራራጊ፣ እርስ በርስ የማስደረግ ቅርጽ ናቸው። አማርኛው በሰዋስው ብቻ ሁለቱን ሙያ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ስፓኒሹ ይህ የለውም። አቃጣሪ ይጽና።

ጸሐፊት፦
ይህ በጣም ጥሩ ነው። «ቀጠረ» ራሱስ ከየት ነው?

የቅኔ ተማሪ፦
ከ«ቀጸረ»። ጸ በአማርኛ ጠ ይሆናል፤ ጸጉር ጠጉር፣ ጾም ጦም፣ ጸሐይ ጠሐይ። ቅጽር ቅጥር ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር የምንለው። ቀጠሮ ማለት በቀን ዙሪያ አጥር ማጠር ነው። ያችን ዕለት ከሌላው ቀን ለይቶ መከለል። ሠራተኛ መቅጠርም ሰውየውን በጊዜ መከለል ነው። አቃጣሪዋ እንግዲህ ለሁለት ሰዎች አንድ ቅጥር የምታጥር ናት። ካሊስቶ ሜሊቤአን መጀመሪያ ያያት ጭልፊቱን ተከትሎ የአትክልት ቅጥር ውስጥ ገብቶ አይደለም? መጨረሻ ላይም ከዚያው ቅጥር መሰላል ላይ ወድቆ ነው የሚሞተው።

የሰሜን ሰው፦
ምሳሌው ያማረ ነው፤ ሥሩ ግን አይመስለኝም። በትግርኛ ቀጠሮ «ቆጸራ» ነው፤ ግቢ ደግሞ «ቀጽሪ» ነው። ጸው ልክ ነው፤ የፊተኛው ፊደል ግን ይለያያል። «ቆጸረ» በትግርኛ መቁጠርም ነው፤ ቁጥር «ቁጽሪ» ነው። ስለዚህ ቀጠሮ የአጥር ዘመድ ሳይሆን የቁጥር ዘመድ ነው። ቀን ቆጥሮ መስጠት ነው።

የቅኔ ተማሪ፦
ታዲያ አማርኛው ለምን «ቆጠሮ» አላለም? መቁጠርን ቆጠረ ብሎ ጠብቆታል፤ ቀጠሮን ግን ቀጠረ አለ። ሁለቱን ለይቶ የያዘ ቋንቋ ምክንያት አለው።

የሰሜን ሰው፦
ምክንያቱ መለየት ስላስፈለገው ሊሆን ይችላል። ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ቃላት እንዳይጋጩ አንደኛው ድምፁን ይለቃል። የእርስዎ አጥር ትክክል ቢሆን ትግርኛው ቀጠሮን «ቀጸራ» ባለ ነበር።

የቅኔ ተማሪ፦
ወይም ትግርኛው ነው ከቆጸረ ጋር ያቀላቀለው። ከሁለቱ ቋንቋ የትኛው እንደ ለወጠ በምን አወቁ?

ተርጓሚው፦
እያንዳንዱን ቃል በደስታ ነው የማነበው። ላብራንዴራን ግን አትርሱብኝ።

ጸሐፊት፦
ላብራንዴራ ትቆይ፤ እኔ «አቃጣሪ»ን ሁሉም ቦታ መጠቀሙ ያሰጋኛል። የሚናገረው ማን እንደ ሆነ መታየት አለበት። ፓርሜኖ ይህን ሲናገር ጌታውን ሊያስጠነቅቅ ነው፤ እናቱ ክላውዲና የሴሌስቲና ባልደረባ ስለ ነበረች ቤቱን ከውስጥ ያውቀዋል። በእሱ አፍ አቃጣሪ ልክ ነው፤ ይከረክራል። ካሊስቶ ግን እንዳያት «የሕይወቴ ሕያውነት፣ የሞቴ ትንሣኤ» ነው የሚላት። የጸሎት ቃል ለአሮጊት ይሰጣል። በእሱ አፍ «አማላጄ» ቢገባ አንባቢያችን ይደነግጣል፤ መደንገጥም አለበት። «አማላጅ» የሚለው ቃል በኛ ዘንድ ለማን እንደሚነገር የማያውቅ የለም። የስፔኑ አንባቢም በ1499 ያ ድንጋጤ ደርሶበታል።

ለሌሎቹ ሎሌዎችና ለልጃገረዶቹ ደግሞ «ማድሬ» ናት፤ «እናቴ»። እዚህ «እማማ» ወይም «እናታለም» ብትሉ ያምራል። አንድ ቃል መርጦ ከዳር እስከ ዳር መጎተት ትርጉሙን ይገድለዋል።

የሴቲቱን ስም ማብዛት ደግሞ ከሮሃስ በፊት የነበረ ልማድ ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን የሂታው ሊቀ ካህናት ሁዋን ሩዊስ «የመልካም ፍቅር መጽሐፍ» ውስጥ ትሮታኮንቬንቶስ የምትባል አሮጊት አለች፤ ስሟ ከገዳም ገዳም የምትሮጥ ማለት ነው። መልእክተኛህን እንዲህ ብለህ አትጥራት እያለ የስድብ ስሞቿን በሰልፍ ያወርዳቸዋል፦ መንጠቆ፣ ጉጠት፣ ልጓም፣ ክዳን፣ ደወል፣ መሰላል፣ መሪ፣ ደላላ፣ አልካዌታ። እሷ ራሷ ምን ተብላ መጠራት ትፈልጋለች? «መልካም ፍቅር»። የመጽሐፉ ስም ከዚያ ነው።

ባለ ግሡ፦
ደላላ በዝርዝሩ ውስጥ አለ ማለት ነው!

ጸሐፊት፦
አለ፤ «ኮሬዶር» ነው ቃሉ። ግን ከጉጠትና ከልጓም ተርታ ነው የተቀመጠው፤ አልካዌታም እዚያው ራሷን ችላ ተጠርታለች። ሁለቱ አንድ ቢሆኑ ሁለቴ አይጽፋቸውም።

ሌላ አንባቢ፦
«አማላጅ» ከ«ማለዳ» ነው። ሽማግሌ የሚላከው በማለዳ ነው፤ ሰውየው ከቤት ሳይወጣ። ማለደ፣ አማለደ።

የቅኔ ተማሪ፦
ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ ብቻ አንድ ሥር አይሆኑም። በግእዝ ማለዳ መነሣት «ጌሠ» ነው፤ ምልጃ «ትንብልና» ነው፤ ምንም አይገናኙም።

ሌላ አንባቢ፦
በግእዝ ስላልተገናኙ በአማርኛ አይገናኙም ማለት አይደለም እኮ፤ የምንነጋገረው ስለ አማርኛ ቃል ነው። የሽማግሌው ልማድ ቃሉን ወልዶት ቢሆንስ?

ስፓኒሽ አንባቢ፦
የቃል ሥር በምኞት መፈለግ የኛ ብቻ አይደለም። ኮቫሩቢያስ በ1611 ባሳተመው ትልቁ የስፓኒሽ መዝገበ ቃላት «ሴሌስቲና» የሚለውን ስም ከላቲኑ «ስኬሉስ» (ክፋት፣ ወንጀል) አወጣው፤ «ስኬሌስቲና» ለማለት ያህል። ስሙ ግን ከ«ኬሉም» (ሰማይ) መሆኑ ግልጽ ነው፤ በግእዝ ብንገለብጠው «ሰማያዊት» ነው። መዝገበ ቃላት ጸሐፊው ሰማያዊት የሚባል ስም ለዚያች ሴት አልዋጥልህ ስላለው ሥሩን አዛባ። የሮሃስ ጨካኝነት ግን ያው ስሙ ላይ ነው። ተርጓሚው፣ ስሙን እንዳይተረጉሙት፤ ይተዉት። ዛሬ በስፓኒሽ «ሴሌስቲና» የተጸውዖ ስም ብቻ አይደለም፤ በትንሹ ፊደል ሲጻፍ ራሱ አቃጣሪ ማለት ነው። «የእማማ ሴሌስቲና ዱቄት» የሚባል አነጋገርም አለ፤ አንድ ነገር በማይታወቅ፣ በተአምር በሚመስል መንገድ ሲሠራ የሚነገር።

ለሥራው የሚጠቅም ሁለት ሦስት ነገር ላክል። የመጀመሪያው ገቢር የሌላ ሰው እጅ እንደ ሆነ፣ እሱ አግኝቶ በ15 የዕረፍት ቀን ቀሪውን እንደ ጨረሰው ሮሃስ ራሱ ጽፏል። ስሙንም በ1500ው የቶሌዶ እትም የስንኞች መነሻ ፊደላት ውስጥ ነው የሸሸገው። በቡርጎስ ከተማ የታተመው የፊተኛው እትም 16 ገቢር ነበረው፤ በኋላ 21 ሆነ። ስለዚህ 1ኛው ገቢር ላይ ያለ ቃል በ12ኛው ገቢር ሌላ ጠባይ ቢያሳይ አይገረሙ፤ በግድ አንድ ለማድረግም አይድከሙ።

«ኡን ፖኪቶ»ን «ትንሽም» ብለውታል፤ «ጥቂት ጥቂት መተትም ትሞክር ነበር» ቢሉ ይሻላል። ፓርሜኖ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ቦታ ነው። «ጠንቋይ» ግን አይግባ። ጠንቋይ የተሰወረ የሚያውቅ ነው፤ እሷ የምታደርግ ናት። ኤቺሴራ (መተተኛ) ራሷ «አደረገ» ከሚለው ግሥ ናት።

4ኛው ገቢር ላይ ደግሞ ወጥመድ አለ። ሴሌስቲና ሜሊቤአን ለካሊስቶ የጥርስ ሕመም የቅድስት አጶሎንያን ጸሎትና ወገቧን የታጠቀችበትን «ኮርዶን» ትለምናታለች፤ ኮርዶኑ በሮምና በኢየሩሳሌም ያለውን ቅዱስ ንዋይ ሁሉ ነክቷል ትላለች። «መቀነት» ይበሉት። ቅድስናውን ለማምጣት ብለው እንደ መነኮሳቱ «ቅናት» ካሉት አንባቢ ምቀኝነት ብሎ ያነበዋል። የግእዙ ቀነተ (ታጠቀ) እና ቀንአ (ቀና) በአማርኛ አንድ ስም ላይ ወድቀዋልና።

ጸሐፊት፦
ካሊስቶ ያንን መቀነት እቅፍ አድርጎ ሲያወራው አስቡት፤ «መቀነት» ብቻ ነው የሚችለው። ቅናት ብለን ብንጽፍ ያ ሁሉ ትዕይንት ይበላሻል።

ባለ ግሡ፦
እሺ፣ ወደ ላብራንዴራ። ዝም ብዬ ሳስበው ነበር። «ጥልፍ»ን አትልቀቁት። ፓርሜኖ ከዚያ ዐረፍተ ነገር ቀጥሎ ምን ይላል? ልጃገረዶቹ ወደ ቤቷ የሚገቡት «ላብራርሴ ኢ ላብራር ካሚሳስ» ነው ይላል። ስፓኒሽ አንባቢ፣ ተሳሳትኩ?

ስፓኒሽ አንባቢ፦
አልተሳሳቱም። «ሊሠሩና ሸሚዝ ሊሠሩ»። ግሡ አንዴ ወደ ራሳቸው ይዞራል፣ አንዴ ወደ ሸሚዙ። በመርፌው ሥራ ስም እነሱው ራሳቸው ይሠራሉ።

ባለ ግሡ፦
እንግዲያውስ አማርኛ ይህን ቃል ተዘጋጅቶ ይዞልናል። ጠለፈ። ሸሚዝ በመርፌ ይጠለፋል፤ ልጃገረድም ትጠለፋለች። «ሊጠለፉም ሸሚዝ ሊጠልፉም ይገቡ ነበር።» ሙያዋን «ጠላፊ» ይበሉት፤ አንባቢ መጀመሪያ መርፌውን ያያል፣ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ሌላውን ይሰማል። መሸፈኛነቱ ቃሉ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ጸሐፊት፦
ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ግን ጠለፋ ጉልበት ነው። ወንዶች ተሰብስበው፣ ፈረስ ወይም መኪና ይዘው፣ ልጅቷን እያስጮሁ የሚፈጽሙት ወንጀል ነው። የሴሌስቲና ሙያ ሁሉ ምላስ ነው። ያን ሁሉ ጩኸት በአንድ ቃል ቤቷ ውስጥ ብታስገቡት የሴቲቱን ተንኮል ታደበዝዙታላችሁ። መጽሐፉ ራሱ ልጃገረዶቹ ባዶ እጃቸውን እንደማይመጡ ይናገራል፤ ሥጋ፣ ስንዴ፣ ዱቄት፣ ማሰሮ ወይን ይዘው ነው፤ ያውም ከእመቤቶቻቸው የሰረቁትን። ስንዴ ተሸክማ በእግሯ የመጣች ልጅ ተጠለፈች ይባላል?

የቅኔ ተማሪ፦
ይባላል። የጠለፈ መነሻው ጋብቻ ሳይሆን ማሰናከል ነው። እግሩን ጠለፈው እንላለን፤ የሚጠለፈውም ቆሞ ያለ ሰው ሳይሆን የሚሄድ ሰው ነው። ሜሊቤአም እንዲሁ ናት፤ እናቷ አሊሳ የታመመች እኅቷን ልትጠይቅ ወጥታ ሁለቱን ብቻቸውን ስትተዋቸው፣ ልጅቷ በገዛ አፏ ንገሪኝ እያለች ነው የምትጠለፈው።

ጸሐፊት፦
ለቅኔ ቤት ጆሮ ትክክል ነው። የዛሬ ጋዜጣ አንባቢ ግን ጠለፋ ሲባል ልጅቷንና ችሎቱን ነው የሚያስበው። እኔ «ጥልፍ ሠሪ» ብዬ ሙያውን ልጻፍና ጠለፈን ለሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ብቻ አቆየው ነበር።

ተርጓሚው፦
ሁለቱንም ጽፌ አያቸዋለሁ። አሁን የማያስተኛኝ 4ኛው ገቢር ላይ ያለው ፈትል ነው። ሴሌስቲና ለአሊሳ ስትሸጥ እንደ ራስ ጠጉር የቀጠነ፣ እንደ ቪዌላ ጅማት የጠነከረ፣ እንደ በረዶ የነጣ ትላለች። ቪዌላን «ክራር» ልበለው ወይስ «በገና»?

ባለ ግሡ፦
ክራር። በገና የዳዊት ነው፤ በእሷ አፍ አይገባም።

የሰሜን ሰው፦
ከመግባታችሁ በፊት ስለ ቆጸራ አንድ ልጨምር። ቅኔ ተማሪው ከሁለቱ ቋንቋ የትኛው እንደ ለወጠ ጠይቀውኝ ነበር። ጉራጌኛንና ሐረሪን የሚያውቅ ሰው ካለ ቀጠሮን ምን እንደሚሉት ይንገረን፤ እዚያ ቆ ከተገኘ አጥሩ ይፈርሳል፣ ቀ ከተገኘ እኔ እመለሳለሁ።

የቅኔ ተማሪ፦
ተስማምቻለሁ። መቁጠርን ምን እንደሚሉትም አብሮ ይነገረን፤ አንዱ ብቻውን አይፈርድም።